የጎርፍ ሜዳዋ የጅብ ሽንኩርት

ጡረታ በወጣሁ በመጀመሪያው ሳምንት ልጄ ሶፋ ገዛችልኝ። "እማዬ፣ ዕድሜ ልክሽን ጭቃ ስትረግጪ ኖረሻል፤ አሁን እግርሽን ዘርግተሽ ተቀመጪ" አለችኝ። ሶፋው ጥሩ ሶፋ ነው። ችግሩ እኔ ነኝ። ሩብ ሰዓት ከተቀመጥኩ እግሬን ይበላኛል። ተነስቼ የታጠበ ዕቃ እንደገና አጥባለሁ፣ ከዚያ ጫማዬን አድርጌ አራቱን ፎቅ እወርዳለሁ። አያት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደረጃ ላይ ያገኘኝ ሁሉ "እትዬ ሐዋ፣ ዛሬ ደግሞ ወዴት ነው?" ይለኛል። "ወንዝ" እላለሁ። የምቀልድ መስሏቸው ይስቃሉ።

ይህንንም የምጽፈው ልጄ "ቢያንስ ስትጽፊ ትቀመጫለሽ" ስላለችኝ ነው። እንግዲህ ልሞክረው።

የሠራሁት የዕፅዋት ዘር እየተሰበሰበ በሚቀመጥበት አንድ መሥሪያ ቤት ነው። የመደቤ ስም ረዳት ቴክኒሺያን፣ ቴክኒሺያን፣ ከፍተኛ ቴክኒሺያን እየተባለ ሲቀያየር ኖረ፤ ሥራው ግን ያው ነው። ሜዳ ወጥቶ ዘር መልቀም፣ ማበጠር፣ ማድረቅ፣ መመዝገብ፣ ቀዝቃዛው ክፍል ማስገባት። ደመወዙን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ አላወራውም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገብስ ፍለጋ አርሲ፣ ጤፍ ፍለጋ ጎጃም ወጥቻለሁ። ፈጣን ነበርኩ። ሌላው አንድ ማሳ ሲጨርስ እኔ ሁለት ጨርሼ መኪናው ላይ ተቀምጬ ነው የምጠብቀው። አባቴ ከወሎ መጥቶ ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ሱቅ የከፈተ ሰው ነበር፤ "ይቺን ልጅ ባንኮኒ ኋላ ማስቀመጥ እሳት በጆንያ መቋጠር ነው" ይል ነበር።

የመጀመሪያው አለቃዬ ሪፖርት የሚወድ፣ ሰው ሲቸኩል የማይወድ ሰው ነበር። በየስብሰባው "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" ይለኛል። አንድ ቀን እኔም ታከተኝና "ያልቸኮለስ ምን ለቀመ?" አልኩት፣ በሰው ፊት። በሳምንቱ ወደ ዱር ዕፅዋት ክፍል ተዛወርኩ። ክፍሉ የሚባለው አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ቁም ሳጥንና አንድ ሽማግሌ ነው። ቅጣት መሆኑን ማንም አልደበቀኝም።

ሽማግሌው ጋሽ ደበላ ይባላሉ። ቤተሰቦቻቸው ከተማው ሳይደርስባቸው በፊት ከጎሮ በታች ጤፍና ሽንብራ የሚያርሱ ነበሩ። ሜዳ ስንወጣ ኮታቸውን ገልብጠው ይለብሱታል፤ ገበሩ ወደ ውጭ፣ ደህናው ወገን ወደ ውስጥ። ስንመለስ መኪናው በር ላይ እንደገና ገልብጠው፣ ጭቃውን ከውስጥ አስቀርተው፣ ሙሽራ መስለው ቢሮ ይገባሉ። ለናሙና መለያ የሚጽፉት በእርሳስ ብቻ ነው። "እስክሪብቶ ውሃ ሲነካው ይዋሻል" ይላሉ። አንዱን መለያ ከረጢቱ ውስጥ፣ አንዱን ከውጭ። ጥያቄ ስትጠይቃቸው ወዲያው አይመልሱም። ሌላ ወሬ ይጀምራሉ፣ ድልድይ እንሻገራለን፣ ዳገት እንወጣለን፣ እኔ ጥያቄውን ስረሳው መልሱ ይመጣል። በመጀመሪያው ዓመት ላብድ ደርሼ ነበር።

ከሁሉ የገረመኝ ግን በየሄዱበት ረግረግ የባሕር ዛፍ እንጨት መትከላቸው ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር እየሄዱ ውሃው የደረሰበት ላይ በሰንጢ ምልክት ይቆርጡበታል፤ በደብተራቸውም ቀኑንና ቁመቱን ያሰፍራሉ። "ምን ያደርግልናል?" አልኳቸው። ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ታክሲ ውስጥ፣ "ተክሉን ያየ ግማሹን ነው ያየው" አሉኝ።

ወደ ጎሮው ሜዳ የወሰዱኝ በግንቦት ነው። ወንዙ ወደ አቃቂ ከመውረዱ በፊት ዘርጋ ብሎ የሚያልፍበት፣ በሐምሌ ሞልቶ ወጥቶ እስከ መስከረም የሚተኛበት ጥቁር የመረሬ አፈር ሜዳ ነበር። የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ስለነበር ጭቃው ጫማዬን ያዘኝ። ቀና ስል ሜዳው ነጭ ነው። ወፍራም አገዳ፣ አናቱ ላይ አምስት ስድስት አበባ፣ እያንዳንዱ የአበባ ቅጠል መሐሉ ላይ ፈዘዝ ያለ ሮዝ መስመር አለው። ሽታዋ ለስለስ ያለ ነው፤ ጎንበስ ካላሉ አይገኝም። "ምን ትባላለች?" ስል "የጅብ ሽንኩርት" አሉኝ። ሳቄ መጣ።

የጅብ ሽንኩርት የሚባለው ብዙ ዓይነት ነው፣ አገር ሙሉ አለ። የኛዋ ግን ቅጠሏ ጠባብና ለሁለት የታጠፈ፣ ውሃ ከሚተኛበት መሬት ውጭ የማትገኝ ሌላ ናት። ከብት አይበላትም፣ ገበሬ አይወዳትም። ከኮተቤ ጀምረን እስከ አቃቂ ድረስ ለዓመታት የወንዙን ዳር በእግራችን ፈለግን። ከዚያች ሜዳ ሌላ የትም አላገኘናትም። ወድጃት ነበር። ስሟን ለሰው ስነግር የሚስቁትን ሰዎች ቀስ በቀስ መጥላት ጀመርኩ።

አንድ ዓመት በግንቦት ስንሄድ ሜዳው ላይ ጫፉ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ተተክሎ አገኘን። ጋሽ ደበላ ተንበርክከው ቁጥሩን አነበቡ። "ቤት ነው" አሉ። "በክረምት ገልባጭ አይገባበትም። መሬቱ ሲደርቅ ይሞሉታል።" ስለዚህ የነበረን አንድ የዘር ወቅት ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ ዘሯን ማንም ለቅሞ አያውቅም ነበር፤ ሜዳው አለ፣ ማን ይቸኩላል?

ዘሩ ሲደርስ እሳቸው ለሌላ ሥራ ወደ ባሌ መሄድ ነበረባቸው። መኪና ሊገቡ ሲሉ ጠሩኝ። "ሐዋ፣ ዘሩን ልቀሚ። ሰፌድ ላይ ዘርግተሽ ጥላ ሥር አስቀምጪው። እኔ እስክመለስ አትንኪው።"

"ማድረቂያ ክፍል አላስገባውም?"

"ይህን ዘር አድርቄው አላውቅም። ስመጣ እናየዋለን።"

ለቀምኩት። ፍሬው ሲፈነዳ የሚወጣው ዘር እንደ ትልቅ የባቄላ እሸት ነው፤ አረንጓዴ፣ ከባድ፣ ውሃ የቋጠረ። እንዲህ ያለ ዘር በእጄ ገብቶ አያውቅም። አንድ ሰፌድ ሙሉ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሳይ አንዳንዱ ነጭ ጫፍ አውጥቷል። ያለ አፈር፣ ያለ ውሃ፣ ሰፌድ ላይ።

እዚህ ላይ አንባቢ የኛን ቤት ሕግ ማወቅ አለበት። ለኛ እርጥብ ዘር የሞተ ዘር ነው። ሥራ ስትቀጠር መጀመሪያ የሚነግሩህ፣ ጡረታ ስትወጣም የማትረሳው ይኸው ነው። እርጥብ ዘር ይሻግታል፣ ይበሰብሳል፣ አጠገቡ ያለውንም ይበክላል። ነጩን ጫፍ ሳይ ዘሩ ሊበላሽ የጀመረ መሰለኝ። ሽማግሌው ባሌ ተራራ ላይ ናቸው፣ ስልክ አይሠራም። አንድ ቀን ታገስኩ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። በአምስተኛው ቀን ሰፌዱን አንስቼ ማድረቂያ ክፍል አስገባሁት። መለያውን በእርሳስ ጻፍኩ፣ አንዱን ከውስጥ፣ አንዱን ከውጭ። እውነቱን ልናገር፣ ኮርቼ ነበር። ሜዳዋን ያዳንኳት እኔ ነኝ ብዬ አስቤ ነበር።

ጋሽ ደበላ በሦስት ሳምንት ተመለሱ። ከቢሮ በፊት ሰፌዱን ፈለጉ። ቦታውን ስነግራቸው ገብተው ይዘውት ወጡና ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ያ ሁሉ እሸት ተጨማዶ የሽንብራ ገለባ አክሏል። አንዱን በጥፍራቸው ጫን ሲሉት ዱቄት ሆነ። ሌላ አነሱ። እንደዚያው። አንድ በአንድ እስኪጨርሱ ቆሜ አየሁ።

"ሐዋ" አሉኝ በመጨረሻ፣ "ይህ ዘር ውሃውን ሰንቆ የሚሄድ ነው። ስንቁን ነው ያወጣሽበት።"

ቢቆጡኝ በወደድኩ። አልተቆጡም። በዚያው ቀን ሁለታችን ወደ ሜዳው ሄድን፤ የተረፈ ዘር ካለ ብለን። ወንዙ ሞልቶ ወጥቶ ነበር። ሜዳው ላይ ከውሃ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም።

ጥቅምት ሲገባ ጋሽ ደበላ ኮታቸውን በደህናው ወገን ለብሰው፣ እኔን አስከትለው፣ ኦሎምፒያ ያለ ፎቅ ላይ ወደ ቤት አልሚው ቢሮ ሄዱ። አንድ ወጣት መሐንዲስ ተቀበለን። ጨዋ ልጅ ነው፤ ውሃ አስመጣልን።

"ከመሬቱ ውስጥ ሽንኩርት የሚመስል ሥር ማውጣት ነው የምንፈልገው" አሉት ጋሽ ደበላ።

"ሽንኩርት? ኖ ፕሮብሌም ጋሼ፣ ይውሰዱ። ግን ቅዳሜ አፈር ፊል ማድረግ እንጀምራለን፣ ሳይቱ ይዘጋል።"

ዕለቱ ረቡዕ ነበር። እኛ ደግሞ መኪናና የቀን ሠራተኛ የምናገኘው በደብዳቤ ነው። አለቃችን ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው፤ "ለጅብ ሽንኩርት?" አለ፤ ለበላይ አካል መራው። እኛ ዶማና አካፋ በታክሲ ጭነን ሄድን። መረሬ ሲደርቅ ድንጋይ ነው። ኮረቷ፣ ማለትም ሽንኩርት የሚመስለው ሥሯ፣ አንድ ክንድ ሙሉ ጠልቃ ነው የምትቀመጠው፤ አንገቷ ቀጭን ስለሆነ ከጎን ካልተቆፈረ ይበጠሳል። ጋሽ ደበላ አንዷን ለማውጣት ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። እኔ ፈጠንኩ፣ ሁለቷን በዶማዬ ለሁለት ሰነጠቅኩ። በሁለት ቀን ተኩል ዘጠኝ ደህና ኮረት አወጣን። ቅዳሜ ጠዋት ገልባጮቹ ከላይ ጀምረው ቀይ አፈር ማፍሰስ ጀመሩ። የመኪናው ፈቃድ በሳምንቱ ተፈርሞ መጣ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ዘጠኙን ከመሥሪያ ቤታችን ጓሮ፣ ከዘር ማከማቻው ግድግዳ ሥር ተከልናቸው። በምድር ላይ የቀረችው እዚያች መደብ ላይ ያለችው ነች፣ እኛ እስከምናውቀው። በየዓመቱ ቅጠል ታወጣለች። አበባ የለም። ጋሽ ደበላ ጡረታ ወጡ፤ አለቃ ተቀየረ፤ እንደገና ተቀየረ። ፍግ ሞከርኩ፣ አመድ ሞከርኩ፣ ጥላ ሠራሁላት፣ ጥላውን አፈረስኩ። ሠራተኛው "የሐዋ ሽንኩርት መቼ ነው ወጥ የሚሠራባት?" ይለኛል። ይባስ ብዬ ምን ሆና ነው እያልኩ አንዷን ቆፍሬ አየኋት፤ በሰበሰች። በሌላ ዓመት ሌላዋን። ጋሽ ደበላ ሊጠይቁኝ መጥተው ሰባት ብቻ ሲቆጥሩ የት ገቡ አሉኝ፤ ነገርኳቸው። "ተክል እንደ ድስት እየከደኑ እየከፈቱ አያዩትም፣ ልጄ" አሉኝ።

ሌሊት ሌሊት አስበው የነበረውን እዚህ መጻፍ ደስ አይለኝም። በአጭሩ፣ አንድ ፍጥረት ከምድር ቢጠፋ ምክንያቱ እኔ ነኝ ብዬ ነው የምተኛው። ሰው ሲሰማው ማጋነን ይመስለዋል። ያን ሰፌድ ያላየ ሰው ነው እንዲህ የሚለው።

ጡረታዬ አንድ ዓመት ሲቀረው ጠረጴዛዬን ማጽዳት ጀመርኩና የጋሽ ደበላን አሮጌ ደብተር አገኘሁ። እንጨቱ ላይ የቆረጡት ሁሉ አለ። ሐምሌ መጀመሪያ ቁርጭምጭሚት። ሐምሌ መጨረሻ ጉልበት። ነሐሴ ጉልበት። መስከረም አጋማሽ ድረስ ቁርጭምጭሚት። ደብተሩን ይዤ መደቧ አጠገብ ሄጄ ቆምኩ። እኛ እኮ በማጠጫ ባልዲ፣ ጠዋት ጠዋት፣ እንደ ጽጌረዳ ነበር የምናጠጣት። ሜዳ ላይ ክረምቱን ሙሉ ሰምጣ የምትከርም ተክል ናት። ይህን ሁሉ ዓመት እፊቴ ተቀምጦ ነበር።

የዚያን ጊዜዋ አለቃችን ዶክተር ሰላማዊት በዕድሜ ከልጄ ብዙም አትበልጥም። ገብቼ መደቡን በፕላስቲክ ሸራ ከብቤ፣ ግድብ ሠርቼ፣ ውሃ ልሞላበት ነው አልኳት።

"እትዬ ሐዋ" አለችኝ፣ "ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን። ሠራተኛው እጁን የሚታጠብበት የለውም፤ እርስዎ ሽንኩርት ሊያሰጥሙ ነው?"

"የጣሪያውን ውሃ እወስዳለሁ።"

"አሸንዳውን ሊቆርጡት?"

"እመልሰዋለሁ።"

ፊቷን ወደ ኮምፒውተሯ መለሰች። "እኔ ዛሬ አላየሁዎትም" አለችኝ።

የማከማቻውን አሸንዳ አስቆርጬ በቱቦ ወደ መደቡ አዞርኩት። በሐምሌ መጨረሻ ጉልበት ደረሰ። ትንኝ መጣ፣ አቤቱታ መጣ፣ የማከማቻው ግድግዳ ረጠበ፤ ለእያንዳንዱ ማብራሪያ ጻፍኩ። መስከረም ላይ ውሃውን ቀስ አድርጌ ለቀቅኩት። ቅጠሎቹ ቢጫ ሆነው ተኝተዋል። በጥር ኬክ ተቆረሰልኝ፣ ፎቶ ተነሳን፣ ባዶ መሬት ትቼ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ እንደ እንግዳ እየሄድኩ በር ላይ እመዘገብ ነበር። ጥበቃው "የመጡበት ጉዳይ" በሚለው ቦታ ላይ "ሽንኩርት" ብሎ ይጽፋል። ሚያዝያ ባዶ። ግንቦት በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሁለት አገዳ ወጥቶ አገኘሁ፤ በሳምንቱ ሁለቱም ፈነዱ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ የሚያዩኝ ሰዎች ነበሩ፣ ግድ አልሰጠኝም። ዶክተር ሰላማዊት ወርዳ አጠገቤ ቆመች። "ይህቺ ናት?" አለች። ጎንበስ ብላ አሸተተቻት። በቀጭን የቀለም ብሩሽ የአንዷን ብናኝ ወደ ሌላዋ፣ የሌላዋን ወደዚች እያመላለስኩ አንድ ሳምንት ሠራሁ። ሃያ ሦስት ዘር አገኘን። ደብዳቤ ተጻፈልኝ፣ በጎ ፈቃደኛ ተባልኩ። አሥራ አንዱ በማሰሮ ተተክለው እዚያው እንዲቀሩ፣ አሥራ ሁለቱ ወንዝ ዳር እንዲሄዱ ተስማማን።

ከከተማው በታች፣ ወንዙ አሁንም ሞልቶ የሚወጣበት አንድ ጥግ አውቅ ነበር። በሐምሌ መጀመሪያ አሥራ ሁለቱን ጭቃው ላይ በመስመር አስቀመጥኳቸው፤ ዙሪያውን በእንጨት አጠርኩ። በአራተኛው ቀን ስመለስ አጥሩም የለም፣ መስመሩም የለም፣ ጥጉም የለም። ቡናማ ውሃ ብቻ ነው።

ከዚያው ተነስቼ፣ ጭቃዬን ይዤ፣ ጋሽ ደበላ ጋ ኮተቤ ሄድኩ። ልጃቸው ቤት ነው ያሉት፤ እግራቸው ከድቷቸዋል፣ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። "ጋሽ ደበላ፣ ውሃ ወሰደብኝ" አልኳቸው። እሳቸው ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

"ድሮስ ማን ነበር የሚወስደው?" አሉኝ።

ጭቃ ጫማዬን አውልቄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"ይንሳፈፋል እኮ። ለዚህ ነው ስንቁን የያዘው። ውሃው ሲሸሽ ጭቃ የጣለበትን እያየሽ ወደ ታች ውረጂ። ግን ኅዳር ሳይገባ አትሂጂ፣ ቅጠሉ ሣር መስሎ ያታልልሻል።"

በመስከረም ሄድኩ። ሣሩ ሁሉ አታለለኝ። በጥቅምት ሄድኩ። ኅዳር ላይ ግን፣ ሁለት ሰዓት ያህል ወደ ታች ከሄድኩ በኋላ፣ ወንዝ ዳር ጎመንና ሰላጣ የሚለማበት ቦታ ደረስኩ። አንዲት ሴት ትኮተኩታለች። ዘነበች ትባላለች፤ ከጉራጌ አገር መጥታ ልጆቿን በዚያ ጎመን የምታሳድግ ሴት ናት።

"እናቴ፣ ምን ጠፋብዎት?" አለችኝ።

መልስ ልሰጣት ስል በሁለት ጎመን መሐል ጠባብ፣ ለሁለት የታጠፈ ቅጠል አየሁ። "ይቺን አትንቀያት" አልኳት።

"ይቺን? ሦስት ነበሩ። ሁለቱን ነቅዬ ወንዝ ጣልኳቸው፤ ይህቺ ሥሯ ጠልቆ እምቢ አለችኝ።" ኩትኳቶዋን ገታ አደረገች። "ምንድን ናት?"

"የጅብ ሽንኩርት።"

"ምን ታደርግልኛለች?"

ይህን ጥያቄ በሪፖርት ስንት ዓመት መልሼዋለሁ፤ የተፈጥሮ ሀብት፣ የመጪው ትውልድ፣ ሌላም ሌላም። አንዱም በአፌ አልመጣልኝም። "ምንም" አልኳት። "ከጥቂት ዓመት በኋላ ታብባለች። እዚህ ወንዝ ዳር የቀረችው አንድ ይቺ ናት።"

"ጎመኔን ትሻማለች?"

"አንድ ናት እያልኩሽ።"

ተክሏን አየቻት፣ እኔንም አየችኝ፣ ጫማዬን ጨምሮ። "እንግዲያ ትቀመጥ" አለችና ዙሪያዋን ኮተኮተች።

በማግስቱ ሄድኩ። ከዚያም በሦስተኛው ቀን። በሦስተኛው ሳምንት ዘነበች ማሳው ጫፍ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

"እትዬ ሐዋ፣ አይቆጡኝ። በየቀኑ አይምጡ። ሣሩን ይዩት፣ መንገድ አውጥተውበታል። መንገድ ካለ ሰው ይመጣል፣ ሰው ከመጣ መኪና ይመጣል። እኔም እዚህ የምኖረው ማንም ስላላየኝ ነው።"

ዞሬ አየሁት። እውነቷን ነው። ከአስፋልቱ ጀምሮ እስከ ማሳው ድረስ የእግሬ መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል። አሥራ ሁለት ዘር ውሃ ወስዶብኝ፣ ሁለቱን ኩትኳቶ ወስዶብኝ፣ የቀረችውን አንዷን በገዛ እግሬ ላስወስዳት ነበር። አፈርኩ። ስልክ ተለዋወጥን። "አዲስ ነገር ካለ እደውላለሁ" አለችኝ።

በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ከባድ ሥራ ተሰጥቶኝ አያውቅም። ታኅሣሥን፣ ጥርን፣ የካቲትን ቤቴ ዋልኩ። ማለት የሞከርኩትን ያህል ዋልኩ፤ በእግሬ አያትን ዞርኩ፣ ገበያ ሄጄ ሳልገዛ ተመለስኩ፣ ወደዚያኛው መንገድ የሚሄድ ታክሲ ግን አልያዝኩም። ሚያዝያ ላይ ደውላ "ሌላ ቅጠል ጨመረች" አለችኝ። ሰኔ ላይ "ደህና ናት፣ ጎመኑም ደህና ነው" አለችኝ።

ዘንድሮ ሐምሌ ላይ፣ ዶፍ ባደረበት ጠዋት ስልኬ ጮኸ።

"እትዬ ሐዋ፣ ወንዙ ወጣ" አለች። ድምፅዋ ውስጥ ውሃ ይሰማል። "ጎመኑን ሁሉ በላው። የእርስዎዋም ቅጠሏ አይታይም። ዶማ ይዤ ቆሜያለሁ፤ ቦይ ልቁረጥና ውሃውን ላፍስስላት?"

ማሳዋ ሰምጦ፣ ቆማ የምትጠይቀኝ ስለኔ ተክል ነው። "እስከ የት ደረሰ?" አልኳት።

"ጉልበቴ ነው።"

"አትቁረጪ። ተያት።"

"ትሞታለች እኮ።"

"አትሞትም።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

እርግጠኛ አልነበርኩም። ትልልቆቹን ነው የማውቀው፤ የአንድ ዓመት ችግኝ ጉልበት ድረስ ውሃ ይችል እንደሆነ በደብተሩም አልተጻፈ። "ተያት" አልኳት እንደገና። "ጎመንሽስ?"

"ጎመን ተመልሶ ይዘራል" አለችኝ። "ይቺ አንድ ናት አላሉኝም?"

"ልምጣ?" አልኳት።

"አይምጡ።"

ዛሬ ዘጠነኛው ቀን ነው። ውሃው አልሸሸም። አልሄድኩም።